ስምንት ብሎን ለሁለት ጀርባ

ባሌ ገነነ የመብራት ሠራተኛ ነው። ድሮ፣ ንጉሡ ሳይወርዱ፣ ውቤ በረሃ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ አምፖል ማንጠልጠል የፈለገ ቡና ቤት ሁሉ እሱን ነበር የሚጠራው። ሰዓት እላፊ ታውጆ ውቤ በረሃ በጊዜ መተኛት ሲጀምር የገነነም ሥራ አብሮ ተኛ። እኔ ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሜ የማመጣው ባይኖር ምን እንበላ እንደነበር እንጃ። የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ሲቃረብ ግን ቀበሌው አስታወሰው። ፒያሳ ላይ ቅስት ይቆማል፣ ቅስቱ አናት ላይ ኮከብ ይሰቀላል፣ ኮከቡም በአምፖል ያበራል ተባለ። ሥራው ዘመቻ ስለሆነ ክፍያ የለውም። ገነነ ጠዋት ሲወጣ፣ ኮከብ ለመስቀል ማን ገንዘብ ይጠይቃል፣ እግዜርም በነፃ ነው የሰቀለው ብሎኝ ሄደ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አጥናፉ ነበር። ሌላው «ጓድ ሊቀመንበር» ይለዋል፤ እኔ ግን አጥናፉ ነው የምለው። ከገነነ ጋር አንድ ግቢ ነው ያደጉት፤ የአጥናፉ እናት እማማ አይናዲስ ሁለቱን በአንድ ሳፋ እያጠቡ ነው ያሳደጓቸው። ኋላ ጊዜ መጣና አጥናፉ ካኪ ለበሰ። ክፉ ነበር ብዬ ብገላገል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። በዚያ በክፉው ጊዜ እንኳ ከሰፈራችን ልጆች አንዳንዱን ደብቆ እንዳሳለፈ ይወራል። የእሱ በሽታ ሌላ ነው። የማንንም ሙያ ከባለሙያው በላይ አውቃለሁ ይላል፤ ሲሳቅበት ደግሞ አይችልም።

የሰኔ ዝናብ የመወጣጫውን ባሕር ዛፍ አርሶታል። ገነነ ላይ ሆኖ ኮከቡን ሲያስር አጥናፉ ከታች ቆሞ «ወደ ግራ ዘሟል» አለው። ገነነም ኮከቡ አልዘመመም፣ አንተ ነህ ዘመህ የቆምከው ብሎ መለሰለት። ሰዉ ሳቀ። ሊቀመንበር ተስቆበት ዝም አይልም፤ አጥናፉ ራሱ ሊያቃናው ወጣ። መወጣጫው የታሰረው ለአንድ ሰው ነበር። አግዳሚው ተሰበረና ሁለቱ አንድ ላይ ወረዱ፤ ጎን ለጎን፣ በመቀመጫቸው፣ አስፋልቱ ላይ። እኔ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ሮጬ ስደርስ ሁለቱም ሰማዩን እያዩ ተጋድመው ነበር። ኮከቡ ግን አልወደቀም።

ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራውም። እዚያ ዶክተር መድኃኔ የሚባል ልጅ እግር ሐኪም ሁለቱን ራጅ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አድርጎ አሳየኝ። ከወገብ ከፍ ብሎ ያለው አንዱ የአከርካሪ አጥንት ሁለቱም ላይ ፈርሷል፤ የአንዱ ከሌላው ጋር ከመመሳሰሉ የተነሳ ስም ባይጻፍበት ሐኪሙም አይለየውም። እግራቸው ገና አልሞተም፤ ጣቶቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ነገር ግን የፈረሰው አጥንት ከተንሸራተተ በውስጡ የሚያልፈውን ሕብለ ሰረሰር ይጨፈልቀዋል፤ ያኔ እግር የለም። ስለዚህ በብረትና በብሎን መታሰር አለበት አለኝ።

ብሎኑ ደግሞ ስምንት ነው። ከወዳጅ የሶሻሊስት አገር የመጡ ሐኪሞች ትተውት የሄዱት አንድ ሳጥን ነበር፤ ሌላ ይምጣ ቢባል ዓመት ይፈጃል። በዚያ ሆስፒታል ደግሞ ስለ ብሎን ሁለት ሃይማኖት አለ። ዶክተር መድኃኔ አጭሩን ዘዴ ነው የሚያምነው። ከፈረሰው አጥንት በላይ አንዱን፣ በታች አንዱን ይዞ፣ ለየአጥንቱ ሁለት፣ በድምሩ በአራት ብሎን ማሰር ይበቃል፤ በሽተኛው በጀሶ ታቅፎ አርፎ ከተኛ አጥንቱ ራሱ ይገጥማል፣ የቀረውም ጀርባው እንደ ልቡ ይታጠፍለታል። ዋናው ሐኪም ዶክተር ገብረትንሣኤ ረጅሙን ነው የሚሉት። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት አጥንት ይዞ በስምንት ማሰር፤ ጀርባው ሳንቃ ይሆናል፣ ግን አይላቀቅም። እኔ እንደ አጥር ነው የገባኝ። የዘመመ ምሰሶ ግራና ቀኙ ካሉት ጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ይታሰር ወይስ እስከ ሁለተኛው ጎረቤት ድረስ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለቱም ሐኪሞች የሚያወሩትን ያውቃሉ። ዶክተር ገብረትንሣኤ አራት ብሎን ተነቅሎ ያዩበት በሽተኛ አለ፤ ዶክተር መድኃኔም በአራት ብሎን የሄደ ሰው አይቷል።

ክርክሩ የዕውቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት። በአጭሩ ዘዴ ሁለት ሰው ይታሰራል፤ በረጅሙ አንድ። ዶክተር ገብረትንሣኤ ስምንቱም ለጓድ ሊቀመንበር ይሁን አሉ። ዘዴውን ስለሚያምኑበት ነው፣ አልዋሹም። ግን ደግሞ አንድ ጊዜ ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው፤ ታስሮ የተፈታ ሰው ከሊቀመንበር ጀርባ ላይ ብሎን አይቆጥብም። ገነነ በጀሶ ብቻ ይተኛና እግዜር ያውቃል ተባለ።

ዶክተር መድኃኔ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ አገኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ አራት ይበቃኛል ካለ ዋናው ሐኪም እምቢ አይሉም አለኝ። እኔም ከዚያው ወጥቼ ሽማግሌ ላክሁ።

ሐጂ ሰላሀዲንን ነው የላክሁት። ከወሎ መጥተው ፒያሳ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚጠራቸው ሰው ናቸው። የእድራችንን ዳኛ አቶ ዘገዬን አስከትለው ሄዱ። አጥናፉ ጀርባውን ተጋድሞ ጣራ ጣራ እያየ ነው፤ እማማ አይናዲስ እግርጌው ተቀምጠዋል። ወንበር ቢቀርብላቸው ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። ነገራችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም አሉ። ሐጂ ነገሩን በዝግታ አስረዱ፤ ሁለታችሁ አንድ ቦታ ወድቃችኋል፣ የሚያነሳችሁም አንድ ሳጥን ነው፣ ተካፈሉት አሉት። አጥናፉ ይህ ሽማግሌ መላክ የሚባለው ፊውዳላዊ ልማድ ነው፣ የሕክምና ጉዳይ በሐኪም ነው የሚወሰነው አለ። አለ እንጂ ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ፈርቷል። ረጅሙ ነው አስተማማኙ ተብሎ ተነግሮታል፤ እግሩ ነው፣ ማን አይፈራም?

እማማ አይናዲስ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አንድ ሳፋ ውስጥ ነው ያጠብኳችሁ» አሉት።

አጥናፉ ዐይኑን በመዳፉ ጠረገና «ይቀመጡ ሐጂ» አለ። «ይካፈል።»

ያን ቀን አጥናፉ ትልቅ ሰው ነበር። አልክድም፤ ነገሩ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። ከመጀመሪያውም እንደ አውሬ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር።

ዶክተር መድኃኔ ሁለቱንም በአራት በአራት አሰራቸው። ክረምቱን አልጋቸው ጎን ለጎን ሆኖ ተኙ። በጀሶ ሰደርያ ታቅፈው፣ እንደ ልጅነታቸው ሲሳደቡና ሲሳሳቁ ይውላሉ። አጥናፉ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሊያስረዳው ሲጀምር ገነነ መሸሽ እንደማልችል አይተህ ነው አይደል ይለዋል። ነርሶቹ ይስቃሉ። እኔ ከሥራ ስወጣ የተሰባበረ ኬክ በወረቀት ጠቅልዬ እወስድላቸዋለሁ፤ ለሁለቱም እኩል ነው የማካፍለው። ጳጉሜ ላይ ገነነ ክራንች ይዞ ቆመ። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ እሱ ለመራመድ ለመራመድማ አህያም ይራመዳል፣ ምን ያስለቅስሻል አለኝ። አጥናፉም በሁለተኛው ቀን ቆመ።

ዶክተር መድኃኔ ሁለቱን አስቀምጦ ነገራቸው። አጥንቱ ገና ነው፣ ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያ አጥንቱን የያዘው ብሎኑ ነው፣ ብሎኑን የሚያግዘው ጀሶው ነው። ጀሶው አይወልቅም፣ ብዙ አይቆምም። ገነነ ወደ ቤቱ ተላከ፤ አጥናፉም ተላከ።

በዓሉ መስከረም ሁለት ነበር። አጥናፉ ካኪውን አስተኩሶ አመጣና ሊለብስ ቢል በጀሶው ላይ ቁልፉ አልገጥም አለው። ኮቱ ክፍት ሆኖ በሰልፉ ፊት ሊቆም ነው? ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠርቶ ጀሶውን በመጋዝ አስቀደደው። እናቱ ለምነውታል፤ አብዮት ተኝቶ አይጠበቅም አላቸው አሉ። ከዚያም ካኪውን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ገነነ ከሰቀለው ኮከብ ሥር ከጠዋት እስከ ማታ እጁን እያነሳ ቆመ። እኛ ኬክ ቤቱ በር ላይ ነበርን፤ ገነነ ጀሶውን እንደታቀፈ በረጅሙ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ኮከቡን ሲያይ ቆየና «አሁንም አልዘመመም» አለኝ። ያንን ቀን አልረሳውም፤ ከክረምቱ በኋላ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ ባሌም ከጎኔ ነበር።

ማታ አጥናፉን ከመድረኩ ተሸክመው አወረዱት። ብሎኖቹ አልተሰበሩም፤ አጥንቱ ነው የለቀቃቸው። እግሩ መደንዘዝ ጀመረ።

ዶክተር ገብረትንሣኤ ብዬ አልነበር አሉ። አጭሩ ዘዴ ወደቀ አሉ። ዶክተር መድኃኔ ደግሞ ዘዴው አይደለም የወደቀው፣ ሰውዬው ነው የቆመው ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው፤ ግን ማን ይሰማል። አሁን አጥናፉን ከላይም ከታችም ጨምሮ በስምንት ማሰር የግድ ሆነ። ከአጥናፉ የተነቀሉት አራቱ በእጃቸው ናቸው። የቀሩት አራቱ ያሉት ገነነ ጀርባ ውስጥ ነው። አገር ውስጥ ሌላ የለም፤ ከውጭ እስኪመጣ እግሩ አይጠብቅም። ዶክተር ገብረትንሣኤ ገነነ ተጠርቶ ይውጣለት ሊሉ ነበር፤ ዶክተር መድኃኔ ግን ሰውዬው በአፉ እሺ ካላለ ቢላዋ አላነሳም ብሎ ድርቅ አለ። ወደ ቤታችንም መጥቶ ለገነነ በግልጽ ነገረው። አጥንትህ ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ አሁን ከወጣ እንደገና በጀሶ ተኝተህ ሊገጥምም ይችላል፣ ላይገጥምም ይችላል፤ ግማሽ በግማሽ ነው፣ እኔ ብሆን አልሰጥም አለው። ገነነ ሰማውና አመሰገነው። እኔ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሐጂ ሰላሀዲን ናቸው፤ አቶ ዘገዬ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው እማማ አይናዲስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ወዲያው ገባኝ። በሩን ሞልቼ ቆምኩ።

«ገነነ ተኝቷል» አልኩ። አልተኛም። ከኋላዬ የጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ፣ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ጠረጴዛው አጠገብ በገዛ እግሩ ቆሞ እየጠገነ ነበር። የመፍቻው ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል።

ሐጂ መሬት መሬት እያዩ «ልጄ፣ ያኔ አንቺ ላክሽን፣ ሄድን» አሉኝ። «ዛሬ እሷ ላከችን፣ መጣን። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ እግር የሽማግሌ እግር አይባልም።»

«ያኔ የለመናችሁት ሳጥን ውስጥ ያለ ብረት ነው» አልኳቸው። «ይኼ የሰው ጀርባ ውስጥ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ። ቀና ብዬ የማላይሽ ለዚህ ነው።»

በሩን ልዘጋባቸው አሰብኩ። እግዜር ይመስክር፣ አሰብኩ። በሽማግሌ ላይ በር ከዘጋሁ ነገ ስሞት እድሩ አስከሬኔን የሚያነሳው በሐሜት ነው፤ ይሁን፣ ያንሳኝ አልኩ በልቤ። እጄም በሩን ይዞ ነበር። ግን ገነነ ከኋላዬ፣ ማነው ሳይል፣ ማን እንደሆነ እያወቀ «ግቡ» አለ።

ገቡ። ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም። እማማ አይናዲስ ተንበርክከው ሁለት እግሩን ያዙ። ያንን የቆመበትን እግር። ገነነ በጀሶው ምክንያት ጎንበስ ማለት አይችልም፤ ወደ እኔ ዞሮ አንሺያቸው አለኝ። አላነሳኋቸውም። ከፈለጉ እስከ ነገ ይንበርከኩ ብዬ ግድግዳዬን ተደግፌ ቆምኩ። እሱ እጁን ዘርግቶ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነካቸው።

«እማማ፣ ይነሱ» አለ። «ይሰጠዋል። ሐጂ፣ እርስዎም ይቀመጡ።»

ሐጂ ተቀመጡ። ተቀምጠው ግን ጉዳዩ እንደ ሞላለት ሰው ደስ አላላቸውም። ምርቃት ሊጀምሩ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። እኔም አሜን አልልም ነበር።

ሲወጡ ቤቱን በጩኸት ሞላሁት። ምን ብዬ ያላልኩት አለ። ገነነ ሬዲዮውን እየከደነ፣ ያኔ አጥናፉ እምቢ ቢል ኖሮ በምን እቆም ነበር፣ ብድር በምድር ነው አለኝ። እሱ የሰጠህ ሳይነካው ነው፣ አንተ የምትሰጠው እግርህን ነው አልኩት። ግማሽ በግማሽ ነው የተባለው፣ ከሎተሪ ይሻላል፣ ስንት ጊዜ ቆርጫለሁ አይደል አለ። ሊያስቀኝ ነው። የአራዳ ልጅ ሞቱም ላይ ቀልድ ካላገኘ የሞተ አይመስለውም። ሰዎች ሊቀመንበሩን ፈርቶ ነው ይላሉ። ፈርቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የፈራን ሰው ይቅር ይሉታል። እሱ ግን ሽማግሌ ቆሞ ስላየ፣ ስላፈረ፣ ሰው ስለሆነ ነው የሰጠው። እኔ ደግሞ ያንን ይቅር አልለውም። ሽማግሌ በመላኬ ግን አንድም ቀን ተቆጭቼ አላውቅም። ያኔ ባሌን አቁሞልኛል። የዚህች አገር ደግነት እንደ ሁለት ስለት ቢላዋ መልሶ የሚቆርጥ መሆኑን ግን እንዲህ አድርገው ይዘውት እስኪመጡብኝ ድረስ አላውቅም ነበር።

ጠዋት ዶክተር መድኃኔ አራቱን ከገነነ ጀርባ አወጣ። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ገብረትንሣኤ ስምንቱን አጥናፉ ጀርባ ላይ አሰሩ። የዚህን ጊዜ አልጋቸው ጎን ለጎን አልነበረም፤ ሊቀመንበሩ ለብቻው ክፍል ተሰጠው።

ጥር ላይ አጥናፉ ቆመ። ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሳንቃ፣ ሰላምታ ሊሰጥ እንደተዘጋጀ ወታደር ሆኖ ይሄዳል። ጫማውን ማሰር አይችልም፤ አብዮት ጠባቂ ያስርለታል። ገነነ ጀርባው ላይ መጀመሪያ እንደ ለውዝ፣ ኋላ እንደ እንቁላል ያለ ጉብታ አወጣ። ዶክተር መድኃኔ ጀሶውን ቀየረ፣ አስተኛው፣ ትራስ ከሥሩ አደረገ፤ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን እግሩን በለብ ያለ ውሃ እያጠብኩለት ውስጥ እግሩን ኮረኮርኩት። ድሮ እንዲህ ሳደርገው እንደ ልጅ ነበር የሚንፈራገጠው። እሱ ስለ አትክልት ተራ ተሸካሚዎች አንድ ቀልድ እያወራኝ ነበር፤ ወሬውን አላቋረጠም። ደግሜ ኮረኮርኩት። ቀልዱን ጨረሰና ለምን አትስቂም አለኝ።

በዓመቱ ከሆስፒታሉ መኪና ተላከልን። ስድስት ኪሎ አዳራሽ ውስጥ የሐኪሞች ጉባኤ አለ፣ ብሎኑን ትተው የሄዱት የወዳጅ አገር ሐኪሞች ተመልሰው መጥተዋል፣ ገነነ ይፈለጋል ተባለ። ገነነ ጢሙን ተላጨ፣ የሠርጉን ኮት ለበሰ። አፉ ሌላ ሌላውን ያወራል እንጂ ልቡ ገብቶኛል፤ ብሎን ይዘው መጥተው ይሆናል ብሎ ነው። እኔም በልቤ ለማርያም ተስያለሁ። ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋሁ ገባን። ከፊት ወንበር አጥናፉ ተቀምጧል፣ ቀጥ ብሎ።

ዶክተር ገብረትንሣኤ መድረኩ ላይ ወጡ። ርዕሳቸው የአጭርና የረጅም ብሎን አተካከል ንጽጽር ነው። ሁለት በሽተኞች፣ አንድ አደጋ፣ አንድ ዓይነት ስብራት፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለሳይንስ ብዙ ጊዜ አይገኝም አሉ። ሁለቱም በመጀመሪያ በአጭሩ ዘዴ ታሰሩ። በአንደኛው ላይ ብሎኖቹ ተነቀሉ፤ በረጅሙ ዘዴ በድጋሚ ታሰረ። ሁለተኛው በአጭሩ ዘዴ ብቻ ታክሞ ቀረ። ውጤቱን ጓዶች በዐይናችሁ እዩ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። አጥናፉ ተነስቶ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደ። ከዚያ እኔ ወንበሩን ወደ ፊት እንድገፋ ምልክት ተሰጠኝ። ገፋሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ከተናገሩት ውስጥ ይኼ ይኼ ውሸት ነው ብሎ ጣት የሚቀሰርበት የለም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የዘለሉት። ፎቶውን የሚያሳየውን ማሽን የያዘው ዶክተር መድኃኔ ነበር። ሲወድቅ የተነሳው ራጅ ታየ፣ ጉብታው ታየ። ጳጉሜ ላይ ገነነ በአራት ብሎን ቆሞ የተነሳው ግን አልታየም። ዶክተር መድኃኔን አየሁት፤ እሱ ማሽኑን አየ። ባሌን ለማዳን ሌሊት ከቀን ለፍቷል፣ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት።

ሰብሳቢው አስተያየት ያለው አለ ወይ ሲሉ ገነነ እንደ ቀበሌ ስብሰባ እጁን አወጣ። እሱ ይናገራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። አዳራሹ ጸጥ ስላለ ጮክ ማለት አላስፈለገውም።

«እኔ ቆሜ ነበር» አለ። «በነዚያ በአራቱ ብሎን፣ በሁለት እግሬ ቆሜ ነበር። አሁን የት እንዳሉ ጓድ አጥናፉን ጠይቁት።»

አጥናፉ ጫማውን አየ። ከሐኪሞቹ መካከል የተያየ አለ። ሽበታሙ የውጭ ሐኪም ወደ ዶክተር ገብረትንሣኤ ዘንበል ብሎ በእንግሊዝኛ ምን አለ ብሎ መሰለኝ ጠየቃቸው። ዶክተር ገብረትንሣኤ ላባቸውን በመሐረብ ጠርገው አጭር ነገር መለሱለት። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ባንኮኒ ኋላ ስንት ዓመት ስቆም ግን «ታንክ ዩ» የምትለዋን ለይቻታለሁ።

ሽበታሙ ሰውዬ ፊቱ በራ። ከመድረኩ ወርዶ መጣና የገነነን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ደጋግሞ ነቀነቀው። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባውን ያስጀመረው ሰው ከፊት ወንበር ነበር፤ ሌላው ሲያቆም እንኳ እሱ አላቆመም። አጥናፉ ነው፣ ቆሞ።